የአባቴ የጸሎት ክፍል ግድግዳ

የሲጋራ ጭስ የጠጣ የጭቃ ግድግዳ እንዴት እንደሚታጠብ ልጆቼ ጠይቀውኝ አያውቁም። እነሱ ቀለም በጣሳ ገዝተው፣ ሠራተኛ ጠርተው፣ በማግስቱ አዲስ ቤት ውስጥ ይቀመጣሉ። እኔ ይህን ሥራ የተማርኩት በጃንሆይ ዘመን፣ በአሥራ ስድስት ዓመቴ፣ ሆሳዕና ከተማ አባቴ በሠራው ቤት ውስጥ ነው። ያስተማረችኝ የአጎቴ ሚስት ናት። ባልተማርኩት ይሻለኝ ነበር።

አባቴ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበር። ገበሬው በሀዲይኛ የተናገረውን ለዳኛው በአማርኛ፣ ዳኛው በአማርኛ የፈረደውን ለገበሬው በሀዲይኛ ሲመልስ ይውላል። እሁድ ደግሞ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ነው፤ ጠላና ጠጅ የማይቀምስ፣ ትምባሆ የማይነካ፣ የነካውንም የማይምር። የሠራው ቤት በሰፈሩ ቆርቆሮ ከለበሱት ጥቂት ቤቶች አንዱ ነበር። ከፊት ሁለት ክፍል፣ ከኋላ ጓዳ፣ ከጓዳው ጎን ደግሞ ተንበርክኮ ለሚጸልይ ሰው የምትበቃ ጠባብ ክፍል ነበረችው። ከሥራ ሲመለስ እዚያች ክፍል ይገባና በሩን ከውስጥ ይሸጉራል፤ እኛም ድምፃችንን ቀንሰን እንጠብቀዋለን። ልብሱ ትምባሆ ትምባሆ ይላል። ዳኞቹና ጸሐፊዎቹ ሲያጨሱብኝ ስለምውል ነው ብሎ ነግሮናል፤ አመንነው። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነው የሚወጣው። ስለ እኛ ሲያለቅስ ቆይቶ ነው ብለን እንኮራበት ነበር።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ አባቴ ሞተ። እናቴ በቀብሩ ሳምንት በዚያች ክፍል ሚስማር ላይ በጋውን ሙሉ ተንጠልጥሎ የሚኖረውን፣ ለክረምት ብቻ የሚለብሰውን ወፍራም ካፖርት አውጥታ ለአንድ ወንጌላዊ ሰጠች። ከዚያ በሩን ቆለፈች፤ ቁልፉንም ከመቀነቷ ጋር አሠረችው። እኔና እሷ ወደ ጓዳው ገባን፤ ታላቅ ወንድሜ ያን ጊዜ አዳሪ ተማሪ ነበር። ሁለቱን የፊት ክፍሎች ከሰሜን ተመድቦ ለመጣ የመንግሥት ጸሐፊ አከራየናቸው።

ጸሐፊው ክፉ ሰው አልነበረም። ጾሙን ይጾማል፣ የጃንሆይን ፎቶግራፍ በመስታወት አስገብቶ ግድግዳው ላይ ሰቅሏል፣ እናቴን "እሜቴ" እያለ ያከብራታል። ሲጋራ ግን አንዱን ባንዱ እየለኮሰ ያጨስ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲያጨስ እናቴ አንድም ቀን አልተናገረችውም። ምክንያቷ የኛ አገር ሰው ምክንያት ነው። በሳር ቤት ያደገ ሰው ጭስ ይወዳል እንጂ አይጠላም፤ ጭስ እንጨቱን ያጠነክራል፣ ሳሩን ያቆያል፣ ምስጥ ያባርራል። እናቴ ትምባሆውን ትጸየፈዋለች፣ ጭሱን ግን ከምድጃ ጭስ ለይታ አላየችውም። "ይጭስ፤ ለግድግዳው መልካም ነው" ትል ነበር።

ከዚያ ወንድሜ ሊያገባ ተነሣ። ሙዱላ ያስተምር ነበር፤ እዚያ ሳለ አንዲት የዱራሜ ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። የልጅቷ አባት የጸሎት ቤት ሽማግሌ ነው፤ አጥባቂነቱ ከእኛ አባት ይብሳል ይባል ነበር። ከወንድሜ በፊት ሁለት ጠያቂዎች መልሷል፤ አንደኛውን የአጎቱ ልጅ ጠጅ ቤት ሲገባ ታየ ብሎ ነው። ለወንድሜ ግን አባቱ የታወቀ የጸሎት ሰው ስለነበረ ልቡ ለዘብ አለ። የቀረው የቤት ማየት ነበር። የልጅቷ ወገኖች መጥተው ልጃቸው የምትገባበትን ቤት ያያሉ፤ ደስ ካላቸው እዚያው ጸልየው ቀን ይቆርጣሉ። ደስ ካላላቸው ውሃ እንኳ ሳይጠጡ ይሄዳሉ። በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ እንመጣለን ብለው ላኩ። ወንድሜ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል ከአፉ አልገባ አለ።

በዚያው ሰሞን ጸሐፊው ወደ ሌላ አገር ተዛውሮ ሄደ። ፎቶግራፉን ከግድግዳው ሲያወርደው ነው ዓይናችን የተገለጠው። ፎቶግራፉ የነበረበት ቦታ እንደ ወረቀት ነጭ ነው፤ ሌላው ግድግዳ በሙሉ የበሰለ ሙዝ መስሏል። ሽታውንም ያኔ ነው የሰማነው፤ ለካስ አራት ዓመት ስንተነፍሰው ኖረናል። እናቴ ጸሐፊውን መርገም ጀመረች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ወንድሜ ኖራ አምጥቶ በአንድ ቀን ቀባው። ማታ ሲያዩት የሚያምር ነበር። ጠዋት ስንነሣ ቢጫው በኖራው ውስጥ ሰርጎ ወጥቷል፤ ከጣሪያው ሥር እስከ መሬት ወርዷል። ደግሞ ቀባው፤ ደግሞ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ወንድሜ የኖራውን ባልዲ ይዞ ቁጭ አለና እንደ ሕፃን አለቀሰ።

እናቴ ያን ጊዜ የአጎቴን ሚስት አስጠራቻት።

ለምን እሷን እንደሆነ ልናገር። አጎቴ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ሀቢቾ አካባቢ የሚያርስ ሰው ነበር። ጌታን ተቀበለ፣ ተጠመቀ፤ ከጋያው ግን መላቀቅ አቃተው። ትምባሆውን ከእንሰቱ ጀርባ እየተከለ በድብቅ ያጨስ ነበር። አባቴ ራሱ ለማኅበሩ አስታወቀና ከጌታ እራት አስከለከለው፤ ከዚያም ከማኅበሩ አስለየው። አጎቴ ከብዙ ትግል በኋላ ተወ። ጋያውን ሰባበረ፣ ተክሉን ነቀለ፣ ወራት ቆይቶም መልሱኝ ብሎ ለመነ። ሽማግሌዎቹ ቤቱን ሊያዩ ሄዱ። እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ አባቴን ተከትዬ ሄጄ ነበር። ሚስቱ ለዚያ ቀን ቤቷን ስታጥብ ስትፍቅ ሰንብታለች። አባቴ ገባ፤ ሰላም እንኳ ሳይል አፍንጫውን ከግድግዳው ላይ አሳርፎ አሸተተ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ፣ "ግድግዳው ይመሰክርበታል" አለ። ሌላ ምስክር አላስፈለገም።

ከሁለት ዓመት በኋላ አጎቴ ታመመ። ሚስቱ አባቴ ዘንድ መጥታ በጸሎት ስሙን አንሡልኝ ብላ ለመነችው። ከተለየ ሰው ጋር ኅብረት የለንም አላት። ሲቀበር ጎረቤት ቀበረው፤ የዘመረለት የለም፣ የጸለየለት የለም። እኛም አልሄድንም።

ይህች ሴት ናት ተጠርታ የመጣችው። ግድግዳ ማጠብ የምታውቀው እሷ ስለሆነች ነው፤ እናቴ ይህን ስትል ምንም አልከበዳትም። አክስቴ ብዬ የምጠራት እሷ ደግሞ አንድ ዘንቢል የተቀጠቀጠ የእንሰት ቃጫ ተሸክማ መጣች። የመጣችው ለእናቴ ብላ አልነበረም። ወንድሜ ሕፃን ሳለ እናቴ በጽኑ ታማ ነበርና ያን ዓመት ጡቷን አጥብታ ያሳደገችው እሷ ናት። "ልጄ ሊዳር ነው ብለውኝ እንዴት እቀራለሁ" አለችኝ። አማርኛ አትሰማም ነበር፤ ከእኛ ጋር በሀዲይኛ ነው የምታወራው።

ሥራውን እንዲህ አስተማረችኝ። የምድጃ አመድ በእንስራ ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ሲያድር ከላይ የሚጠልለው ውሃ ጣት ላይ ያሟልጫል። በዚያ ውሃ ቃጫውን ነክሮ አጥብቆ መጭመቅ ነው፤ ግድግዳው ጭቃ ነውና ውሃ ከበዛበት ተንዶ እግርሽ ላይ ይወድቃል። የሚታጠበውም ከታች ወደ ላይ ነው። ከላይ ከጀመርሽ ቡናማው ውሃ በደረቁ ላይ ወርዶ መስመር ይሠራል፤ ያ መስመር መቼም አይለቅም። ከታጠበ በኋላ በርና መስኮት ተከፍቶ ይደርቃል። ከዚያ በእበትና በነጭ አፈር በስሱ ይለሰናል፤ ሲደርቅ ጨው የገባበት ኖራ ይቀባል። የኮርኒሱን አቡጀዲ አውርደን ሁለት ጊዜ በአመድ ውሃ ቀቀልነው። ከእያንዳንዱ ባልዲ የምንደፋው ውሃ ሻይ ይመስል ነበር። የሁለታችንም እጅ ተላጦ ደም ያዘለ ሆነ። አክስቴ ስትሠራ አታወራም፤ አንዳንዴ ብቻ ቆም ብላ ግድግዳውን ታሸትትና ትቀጥላለች።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ሁለቱ የፊት ክፍሎች ነጡ። አንድ ቀን ሁለት ቀን ጠበቅን፤ ቢጫው አልወጣም። ወንድሜ መብላት ጀመረ።

ረቡዕ ዕለት ግን አማላጁ ከዱራሜ መልእክት ይዞ መጣ። የልጅቷ አባት ቅዳሜ ሲመጣ፣ የዚያን የጸሎት ሰው ክፍል ገብቼ መጸለይ እፈልጋለሁ ብሏል። ወንድሜ ደስ አለው። እናቴ ግን ፊቷ ዐመድ መሰለ። ያቺን ክፍል እኔ ብቻዬን አጸዳታለሁ፣ የባሌ ቦታ ነው፣ ማንም እንዳይገባብኝ አለች። ሐሙስ ጠዋት ወንድሜን ለገበያ ላከችውና ባልዲ ይዛ ገባች፤ በሩንም ዘጋች።

እኔና አክስቴ ጓዳ ተቀምጠን ቃጫ እናጥብ ነበር። ከጸሎት ክፍሏ በር ሥር ውሃ መውጣት ጀመረ። ውሃው ቡናማ ነበር። አክስቴ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ በጣቷ ነክታ አሸተተችው። ከዚያ ተነሥታ በሩን ገፋችው።

እናቴ ጥግ ላይ እርጥብ ጨርቅ ይዛ ቆማለች። ግድግዳው ከጸሐፊው ክፍል ይብስ ነበር፤ ከቢጫ አልፎ ወደ ቡናማ ሄዷል። በአንደኛው በኩል ግን ነጭ ቦታ አለ፤ ትከሻው፣ እጅጌው፣ የታችኛው ጫፉ ሳይቀር የሚለይ። የአባቴ ካፖርት የተንጠለጠለበት ቦታ ነው። ካፖርቱ የወጣው በቀብሩ ሳምንት ነው፤ ክፍሏም ከዚያ ወዲህ ተቆልፋ ነው የኖረችው። ጸሐፊው የረገጣት ቦታ አይደለችም። እዚያ ግድግዳ ላይ ያጨሰው ሰው ካፖርቱ እዚያ ተሰቅሎ ሳለ ያጨሰ ሰው ነው። ይህን ለማወቅ ብዙ ትምህርት አያስፈልግም ነበር፤ ስምንተኛ ክፍል ይበቃል።

አክስቴ፣ "ታውቂ ነበር?" አለቻት።

እናቴ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። "እንዲተወው ነበር እዚህ የሚገባው" አለች። "ይጸልይ ነበር። ያጨስና ይጸልይ ነበር።"

"የኔም ባል ይጸልይ ነበር" አለች አክስቴ።

እኔ አክስቴ ባልዲውን አንሥታ ትደፋባታለች ብዬ ጠበቅሁ። እውነቱን ለመናገር እንድትደፋባት ፈልጌ ነበር። አባቴ የራሱን ጢስ በአፍንጫው እንደያዘ ሄዶ የወንድሙን ግድግዳ አሽትቷል። ሙት ወቃሽ ብትሉኝም ግድ የለኝም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴን በደግ አንሥቼው አላውቅም። አክስቴ ግን ጨርቁን ከእናቴ እጅ ወሰደችና ቃጫዋን ነክራ ጨመቀች። "ከላይ ጀምረሽዋል፤ መስመር ይሠራል" አለቻት። ከዚያ ተንበርክካ ከታች ጀመረች።

ያን ቀን ሙሉና ዓርብን በሙሉ አጠብን። ለመለሰንም ሆነ ለማድረቅ በቂ ጊዜ አልነበረንም፤ መስኮት የላትም፣ ሌሊቱንም ዘነበ፤ ሳንለስን ኖራ ቀባንባት። ወንድሜ ሊያግዝ ሲመጣ እናቴ በሰበብ አስባቡ መለሰችው። ቅዳሜ ጠዋት ኖራው ገና እርጥብ እንደሆነ ነጭ መስሎ ቆየን።

እንግዶቹ ስድስት ሆነው ረፋድ ላይ ደረሱ። የልጅቷ አባት ረጅም፣ ድምፀ ለስላሳ ሰው ነው፤ እነሱ ከምባትኛ እኛ ሀዲይኛ ስለሆንን መነጋገሪያችን አማርኛ ነበር። የፊት ክፍሎቹን አየ፤ ግድግዳውን በመዳፉ ዳበስ አድርጎ ደስ አለው። ወንድሜ ደጅ ከወንዶቹ ጋር እጁን አጣምሮ ቆሟል። እናቴ ሰውየውን ወደ ጸሎት ክፍሏ ስትወስደው በፍርሃት ይሁን በኩራት አላውቅም፣ አፏ ፈታ አለ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ሰው አልረገጣትም፣ ቁልፏ ከወገቤ ወርዶ አያውቅም አለችው። በገዛ አፏ ጸሐፊውን ነጻ አወጣችው፤ ከእንግዲህ በእሱ ማሳበብ አይቻልም።

ሰውየው ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር ተጨናንቆ ገብቶ ተንበረከከ። እኔና እናቴ ደፍ ላይ ነን፤ አክስቴ ከኋላችን የእጅ ማስታጠቢያ ማንቆርቆሪያ ይዛ ቆማለች። ክፍሏ በሰው ትንፋሽ ሞቀች። ካፖርቱ ከነበረበት በላይ ቢጫው ሰርጎ ሲወጣ አየሁት፤ ሰውየውም አየው። ተነሥቶ በጣቱ ነካው፤ አሸተተው።

"ይህ ትምባሆ ነው" አለ። "ጌታን ሳላውቅ በወጣትነቴ አጭሻለሁ፤ አይጠፋኝም። እዚህ ማን አጨሰ?"

እናቴ ለመመለስ ጊዜ አልወሰደባትም። የባሌ ወንድም ነው አለችው። ከማኅበር ተለይቶ የሞተ ሰው እንደነበረ፣ ባሏ ሊመልሰው እየጠራ እዚህ ያስገባው እንደነበረ፣ እሱ ግን እዚሁ እንደሚያጨስ ነገረችው። የአጎቴንም ስም ጠራች። ከዚያ ወደ ኋላ በእጇ አመለከተች፤ ሚስቱ ይቻት፣ ትመስክር አለች።

ሰውየው ጥንቁቅ ነው፤ በአንድ ሰው ቃል አይፈርድም። አክስቴ አማርኛ እንደማትሰማ ሲያውቅ ወደ እኔ ዞረ። "ልጄ፣ እስቲ አንቺ ጠይቂልኝ" አለኝ።

የአባቴን ሥራ ያኔ ሠራሁ። እናቴ ያለችውን አንድ በአንድ ለአክስቴ በሀዲይኛ ነገርኳት። ፊቷን እያየሁ ነው የነገርኳት፤ ሌላ የማየው አልነበረኝም። እሷ እናቴን አላየቻትም። በጓዳው በር አሻግራ ደጅ የቆመውን ወንድሜን አየችው፤ ወደኛ ፈገግ ሊል እየሞከረ ነበር። ማንቆርቆሪያውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች።

"እኔ ምን እላለሁ" አለችኝ ቀስ ብላ። "አፉ ያንቺ ነው። ለልጁ የሚሆነውን ንገሪያቸው።"

አዎ አላለችም። ባሌ ነው አላለችም። እኔ "የማውቀው የለም ትላለች" ማለት እችል ነበር። "ዝም ብላለች" ማለትም እችል ነበር። ወንድሜ ከኋላዬ ቆሟል፣ እናቴ እጄን በስተጀርባ ጨብጣ ይዛኛለች፤ ይህን ሁሉ እንደ ሰበብ ብዙ ዓመት ስደረድረው ኖሬያለሁ። በትምህርት ቤት በተማርኩት ጥሩ አማርኛ ነው የተናገርኩት።

"አዎን፣ ባሌ ነበር፤ እዚህ ገብቶ ያጨስ ነበር ትላለች" አልኩ።

ሰውየው ራሱን በሐዘን ነቀነቀ። አባቴን አመሰገነ፤ እንዲህ ያለውን ወንድም በጸሎት ቦታው ታግሦ መኖሩ የቅድስና ምልክት ነው አለ። ልጁን እንደሚሰጥ የገባኝ ያኔ ነው። ሁላችንም እንንበርከክ አለና በአማርኛ ጮክ ብሎ ጸለየ። ይህን ቤት ከዚያ ሰው ርኩሰት አንጻ አለ፤ ስሙን ጠርቶ። መታሰቢያው ከዚህ ግድግዳ ይጥፋ፣ ዘሩም ከዚህ ትዳር ይራቅ አለ፤ አሁንም ስሙን ጠርቶ።

አክስቴ አጠገቤ ተንበርክካለች። ከጸሎቱ የገባት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ የባሏ ስም። ሁለተኛ ሲጠራ ስትሰማ ክንዴን ያዘችኝ። እጇ በአመድ ውሃ ተላጦ ሻክሯል።

"ለእሱ ነው የሚጸልዩለት?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"አዎ" አልኳት።

ዓይኗ በእንባ ሞላ። ሰውየው ጸሎቱን ሲጨርስ፣ ከሁላችንም ጮክ ብላ "አሜን" አለች።